አን ፍራንክን እንደ ጸሐፊም እናንብባት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አን ፍራንክ የዕለት ማስታወሻ በንባብ ዓምዳችሁ ያወጣችሁት ጽሑፍ አሟሟቷን በሰፊው ሲተርክ፣ ስለ አጻጻፏ ግን አንድም ነገር አላነሣም። ይህ ቅር አሰኝቶኛል።

አይሁዳዊቷ ልጅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከናዚዎች ለማምለጥ በኔዘርላንድ፣ አምስተርዳም ከአንድ ንግድ ቤት ጀርባ፣ ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር ከሁለት ዓመት በላይ ተሸሽጋ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944 በስደት ላይ የነበረው የኔዘርላንድ መንግሥት ሚኒስትር የጦርነቱ ዘመን ማስታወሻዎችና ደብዳቤዎች እንዲጠበቁ በሬዲዮ ሲያሳስብ ሰማች። በግንቦት የጻፈችውን ሁሉ ከመጀመሪያው አንሥታ በልቅ ወረቀቶች ላይ እንደገና ትጽፈው ጀመር፤ እየቀነሰች፣ እየጨመረች፣ መጽሐፍ ልታደርገው። ያኔ 15 ዓመት እንኳ አልሞላትም።

እኔን ይዞ ያስቀረኝ ስለ ብዕሯ የጻፈችው ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ከአያቷ የተሰጣት ብዕር ከቦሎቄ ግርድ ጋር ሳይታወቅ ተጠቅልሎ ምድጃ ውስጥ ይገባል። በማግስቱ አባቷ አመዱን ሲያወጣ ያገኘው ማንጠልጠያውን ብቻ ነው። አንም የዚያን ብዕር የሕይወት ታሪክ ከነስንብቱ ጽፋለች። ይህን ያነበበ ወጣት ከንፈሩን መጥጦ አያልፍም፤ ገጹን ይገልጣል። ሞቷን ብቻ የነገርነው ግን መጽሐፉን ሳይከፍት ያወቃት ይመስለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1986 በኔዘርላንድ የወጣው የጥናት ዕትም የመጀመሪያውንና በእጇ ያረመችውን ጽሑፍ ጎን ለጎን አትሞታል። ከ1944 ማስታወሻዋ የአንድ ቀን ሁለቱን ቅጂዎች አስፈቅዳችሁ በአማርኛ ብታወጡ፣ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያዎችና የአማርኛ መምህራን ለድርሰት ክፍለ ጊዜ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

አንድ የአማርኛ መምህር፣ ባሕር ዳር