አስፋልቱ አለ፤ ወደ ቀበሌው የሚገባው መንገድስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የገጠሩን ወጣት ከቀዬው የሚያስኮበልለው መንገድ ነው የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በአምዳችሁ አነበብሁ። ጸሐፊው ጎጃምን ያዩት በመኪና መስኮት ሳይሆን አይቀርም።

ዋና መንገድስ አለን፤ በደብረ ማርቆስም በሞጣም ባሕር ዳር ይገባል። ዓባይ በረሃ ላይ በ2000 ዓ.ም. በጃፓን እርዳታ 303 ሜትር ድልድይ ተሠርቷል፤ ባሕር ዳር ላይም በ2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝም ድልድይ ተመርቋል። እሰየው ነው። የእኛ ጣጣ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ስንገነጠል ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ሊያገናኝ ነበር። ሆኖም ጥገና የማያውቀው የጠጠር መንገድ በመረሬ አፈር ላይ ስንት ክረምት ይቆያል? ቦዩ ይደፈናል፤ ጎርፉ ጠጠሩን ጠራርጎት ይወርዳል። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው የሙጋ ወንዝ ሲሞላማ ወዲያ ማዶና ወዲህ ማዶ መጠራራት ብቻ ነው።

ገበሬው ጤፉን በአህያ ጭኖ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ አስፋልት ዳር ይደርሳል። ነጋዴው ጭነቱ ያን አቀበት ተመልሶ እንደማይወጣ ያውቃል። «ካልተስማማዎት ይመልሱት አባቴ» ይላል፣ ሚዛኑን እያስተካከለ። ማን ይመልሳል? አይሱዙ መንደር ድረስ ቢገባ ክርክሩ ሌላ በሆነ ነበር።

ልጁም እንደዚያው ነው። የአስፋልት ዳር ልጅ ጠዋት በባጃጅ ወጥቶ ከተማ ሠርቶ ማታ እናቱ ቤት ያድራል፤ በአጨዳ ጊዜም አይጠፋም። የተራራው ልጅ ግን ደርሶ መልስ የለውም። ከወጣ ወጣ ነው፤ ወይ መተማ ለሰሊጥ፣ ወይ አዲስ አበባ ለቀን ሥራ። እዚያው አዲስ አበባ፣ ጤፉ ለእህል በረንዳ፣ ልጁ ለጎጃም በረንዳ! የመሬት ጥበቱን አልክድም፤ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። በጸጥታው ሰበብ መንገድ ሲዘጋ የሚደርሰውንም ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሌላ አስፋልት አይደለም። ለነባሩ ጠጠር መንገድ የጥገና በጀት ይያዝለት፤ ሰኔ ሳይገባ ቦዩ ይጠረግ፤ ወንዙ ላይ ቢያንስ ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ይሠራ። ጸሐፊውም በነሐሴ ብቅ ቢሉ ደስ ይለናል፤ ቦቲ ጫማ ከእኛ ቤት አይጠፋም።

መምህር ነኝ፣ ከቢቸና