የደቻቱ ጎርፍ መፍትሔ ከደንገጎ ይጀመር፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የአስተዳደሩ የአየር ንብረት ለውጥ መላመድ ዕቅድ ከወሰናችን በላይ ያለውን ተፋሰስ እንዲያካትት ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል፤ በሺዎች የሚቆጠሩትንም ያለ ቤት አስቀርቷል። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ይህም ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ እንደገና የሰው ሕይወት ቀጥፏል። ስለዚህ አስተዳደሩ ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሚያወጣው ዕቅድ ሁሉ ውስጥ አንድ ጥያቄ በግልጽ እንዲመለስ እጠይቃለሁ፦ ውኃው ከሚነሣበት ቦታ ምን ሊሠራ ታስቧል?

የከተማችንን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው በውስጡ ይመላለሳል፣ ይነግዳል፣ አሸዋም ያወጣል። ከተማችን ያለችው በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ውኃው የሚነሣባቸው የደንገጎ ተራሮች ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደውም በአጭር ርቀት ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ የጣለ ዝናብ ደራሽ ሆኖ፣ ሰው በተኛበት ሰዓት፣ አፈርና ድንጋይ ይዞ ይገባል። ይህ አፈርና ድንጋይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ ነው። ጎርፉ ባለፈ ቁጥር የወንዙ ወለል በደለል ከፍ ይላል፤ ወለሉ ከፍ ሲል ደግሞ የግንቡ ቁመት በዚያው ልክ ያጥራል። ግንብ የሚለካው ባለፈው ጎርፍ ነው፤ የአየር ንብረት ለውጥ ማለት ደግሞ መጪው ዝናብ ካለፈው ሊከብድ ይችላል ማለት ነው። ተዳፋቱ ሳይታከም ግንብ ብቻ ከፍ እያደረግን የምንዘልቅ አይመስለኝም።

ችግሩ የዕውቀት ማነስ አይደለም። እርከንና ክትር (የጎርፍን ጉልበት የሚቀንስ የድንጋይ እገዳ) በሐረርጌ ገበሬ ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከላይ፣ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ከታች አሉ። ዋናው እንቅፋት የአስተዳደር ወሰን ነው። የደቻቱ የላይኛው ተፋሰስ በአብዛኛው የሚገኘው በኦሮሚያ ክልል፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ነው። የእኛ ዕቅድና በጀት ወሰናችን ላይ ሲቆም፣ የላይኞቹ ወረዳዎች ደግሞ የድሬዳዋን ጎርፍ እንደ ራሳቸው ተግባር የሚይዙበት ምክንያት አይኖራቸውም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ሆነ ከዚያ በኋላ የመጣው ብሔራዊ የመላመድ ዕቅድ እንዲህ ያለውን ክፍተት በራሳቸው አይሞሉትም፤ የሚሞላው በሁለቱ አስተዳደሮች መካከል የሚፈረም፣ ገንዘብ የተመደበለት ስምምነት ነው። አካባቢው በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ስለሚገኝ ተፋሰሱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት አደራዳሪ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ፍትሕ አንድ ነገር ልበል። በተዳፋት ላይ ትንሽ ማሳ ይዞ ማሽላና ጫት የሚያመርት ገበሬ መሬቱን ለእርከን ሲለቅ ወይም ከብቱን ከተራራው ሲያርቅ ወጪው የእርሱ፣ ጥቅሙ ግን በአብዛኛው የእኛ ነው። ስለዚህ በዘመቻ ብቻ አይጠራ፤ ከተማው ይክፈለው። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ መሆኑም አይረሳ። ተራራው ላይ ቀስ ብሎ የሰረገ ዝናብ ጉድጓዶቻችንን ለመሙላት ይረዳል፤ ለጎርፍ መከላከል የምናወጣው ብር የመጠጥ ውኃ በጀትም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ችግኝ ብዙ አልልም፤ የተተከለው ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት የጸደቀው ተቆጥሮ ይነገረን።

ተፋሰሱ እስኪያገግም ዓመታት ይፈጃል፤ እስከዚያው ሕይወት የሚያተርፈው ማስጠንቀቂያ ነው። በዕቅዱ ውስጥ ከላይ የዝናብ መጠን ማን እንደሚለካ፣ በሌሊት ለማን እንደሚደውል፣ የተደወለለትም ሰው የወንዙን ዳር ነዋሪ በምን እንደሚቀሰቅስ ከነኃላፊነታቸው ስም ይጻፍ። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያዎች በየሰፈሩ አሉ፤ መልእክቱ በሶማልኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ልምምድ ሊደረግበት ይችላል። በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው አደጋውን ስላላወቀ ሳይሆን ገበያው እዚያ ስለሆነ የሚኖር በመሆኑ፣ ማንኛውም የማንሣት ዕቅድ እንጀራውንም አብሮ ያስብ።

በመጨረሻም አስተዳደሩ የመላመድ ዕቅዱን ሙሉ ሰነድ፣ ከወሰናችን በላይ ላለው ተፋሰስ የተመደበውን በጀትና ከምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ጋር የተደረሰበትን ደረጃ ከመጪው ክረምት በፊት ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርግ፣ የወንዙ ዳር ቀበሌ ነዋሪዎችም በተገኙበት እንዲያወያይ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ