ለሚዳቋሽ መሪ

ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በቴሌግራም የላክሽውን የብስክሌት ፎቶ እናትሽ ሦስት ጊዜ አሳየችኝ። አሮጌ ጋዜል! በፈረንጆቹ 1892 ዲረን በምትባል የሆላንድ ከተማ የተጀመረ ፋብሪካ ሥራ ነው። ስሙ ሚዳቋ ማለት ነው ስትዪኝ ሳቅሁ። ቀጭን ቱቦ፣ ወደ ታች የታጠፈ ቀንድ የመሰለ መሪ፤ እውነትም ሚዳቋ።

መሪው ላይ ቡናማ ቆዳ ልጠቅልልበት ወይ ብለሻል። አትጠቅልዪ። ቆዳ ውብ ነው፣ አልክድም። ግን ብስክሌትሽ እዚያው ሆላንድ፣ ኡትሬክት ከተማ ውጭ ነው የሚያድረው። ዝናብ ሲመታውና ሲደርቅ፣ ሲመታውና ሲደርቅ፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሌባም ከሩቅ ያየዋል። የኮርቻው ቆዳ ይበቃሻል። ለእሱም ቢሆን ቅባት አትርሺለት፣ ስታቆሚው ፌስታል አልብሺው።

እኔ ብሆን ለመሪው መጠቅለያ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው የምገዛው። ርካሽ ነው። ቡናማ ቀለም የወደድሽው ለኮርቻው እንዲስማማ አይደል? እሱንም ታገኚዋለሽ። አናጢዎች ወንበርና ጠረጴዛ የሚያሸበርቁበትን ጎማላካ ታውቂያለሽ፤ በአልኮል የሚሟሟው። ጨርቁን ከጠቀለልሽ በኋላ እሱን በብሩሽ ሦስት አራት ጊዜ ስስ አድርገሽ ቀቢው። በየመሃሉ ይድረቅ። ነጩ ጨርቅ ማር ይመስላል፣ ይጠነክራል፣ ላብና ዝናብም ቶሎ አይገባውም። ሰማያዊ ወይም ቀይ ጨርቅ ከሆነ ግን ይጨልማል፤ አስቀድመሽ ቁራጭ ላይ ሞክሪ። አንድ ነገር ብቻ፦ እጅሽን ሳኒታይዘር ቀብተሽ ወዲያው መሪውን እንዳትይዢ። አልኮሉ ጎማላካውን መልሶ ያሟሟውና እጅሽ ላይ ይጣበቃል።

አጠቃለሉ ላይ አትቸኩዪ። መጀመሪያ የፍሬን ገመዶቹን አስተካክዪ፤ ከጠቀለልሽ በኋላ ቢበላሽ ሁሉንም ልትፈቺ ነው። ከታች ከጫፉ ጀምሪና ወደ ላይ ውጪ። ከላይ ከጀመርሽ፣ መዳፍሽ በሄደ በመጣ ቁጥር የድርቡን ጠርዝ እየገለበጠ ይፈታዋል። ታችኛው ቀንድ ላይ ጨርቁ በላይ በኩል ከውስጥ ወደ ውጭ ይዙር፣ በቀኝም በግራም። ወጠር አድርጊው። የፍሬን መያዣውን ጎማ ገልበጥ አድርገሽ ከሥሩ አሳልፊው። የጥጥ ጨርቅ ስስ ስለሆነ እጅሽን የሚያደነዝዝሽ ከሆነ ሁለት ድርብ ይሁን። መጨረሻውን በሲባጎ እሰሪው እንጂ በጥቁር ናስትሮ አትዝጊው። ሠላሳ ዓመት ብስክሌት ስጠግን የናስትሮ ሙጫ ፀሐይ ሲመታው እንዴት እንደሚዝረከረክ አይቻለሁ።

የቱቦውን ጫፍ ክፍት አትተዪ። ይህን አደራ ነው የምልሽ። ጭኔ ላይ ያለውን ክብ ጠባሳ ስትጠይቂኝ ጦርነት ነው እያልኩ አሾፍብሽ ነበር። ጦርነት አይደለም። ከበዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ስወርድ ወደቅሁና የፎኒክስ ብስክሌቴ መሪ ክፍት ጫፍ ሥጋዬን እንደ ብርጭቆ አፍ ክብ አድርጎ ቆረጠው። ደፋኙ ሳንቲም ነው ዋጋው። የወይን ጠርሙስ ቡሽም ልኩ ከሆነ ይሠራል።

ደወል እዚያ አገር በሕግ ግዴታ ነው። ሲመሽ መብራትም፤ ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ። ደወሉን ከመግዛትሽ በፊት ግን መሪውን ለኪ። የእንዲህ ዓይነት መሪ ቱቦ 23.8 ሚሊሜትር ነው፣ መሃሉ ላይ ግን ይወፍራል፤ 25.4 ወይም 26 ይደርሳል። ለቀጥ ያለ መሪ የተሠራ ደወል 22.2 ነው የሚያስበው፤ መሃል ላይ አይገባልሽም።

ቅርጫት እያልሽ ነበር። መሪው ላይ አትስቀዪው። ድንችና ወተት ከሞላሽበት መሪው ራሱ ይዞሽ ይሄዳል። የሆላንድ ሰዎች የፊት መጫኛውን ከመሪው ሳይሆን ከአካሉ ጋር የሚያስሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያንቺ ቀጭን ስለሆነ ከኮርቻው በስተኋላ ትንሽ ቦርሳ ይበቃዋል። ባለ ቀለም ፕላስቲክ ዘለላውንስ? በልጅነትሽ ባሕር ዳር ልጆች ሁሉ ያንጠለጥሉ ነበር። ከወደድሽው አንጠልጥዪ፤ አጭር ይሁን እንጂ፣ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ።

እናትሽ በርበሬ ልካልሻለች። ሳምንት ይደርስሻል። የመሪውን ጥቅለላ በርበሬው ሳይደርስ ጨርሺ፤ በርበሬ በነካ እጅ ነጭ ጨርቅ አይነካም። ስትጨርሺ ፎቶ ላኪልኝ፣ በተለይ ከታች በኩል ያለውን። እዚያ ነው የሚታወቀው።

አባትሽ