የፈንጂ ጠራጊዋን መርከብ ሞዴል በጎንደር ለማሠራት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለጎንደር ከተማና አካባቢዋ ነዋሪዎች፣ በአገር ውስጥና በውጭ ለምትገኙ ተወላጆች በሙሉ፤

እኛ በጎንደር የምንኖር የቀድሞ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አባላትና ቤተሰቦቻችን፣ ኤም.ኤስ. 41 በሚል መለያ ታገለግል የነበረችውን ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ሞዴል በከተማችን አናጢዎች አሠርተን፣ ተማሪዎች በሚገለገሉበት የንባብ አዳራሽ ለማኖር ተነሥተናል። ለዚህም ድጋፋችሁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

መርከቢቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ ተሠርታ፣ ኤልስት በሚል ስም ለዚያ አገር ባሕር ኃይል ካገለገለች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ እኛ የተዛወረች ናት። ርዝመቷ 46 ሜትር ገደማ ብቻ ስለነበረ፣ «ኢትዮጵያ» የተባለችውን ዋናዋን መርከብ የሚያስታውስ ሰው ሁሉ እርሷን አያስታውስም፤ በእኛ ግምት ግን የጥበብ ነገር ከተነሣ ቅድሚያው ለትንሿ ይገባል።

በብረት ዘመን መርከብን ከእንጨት መሥራት ኋላ ቀርነት የሚመስለው ይኖራል። በባሕር ወለል ላይ የሚጋደመው መግነጢሳዊ ፈንጂ የሚነቃው ግን ከላዩ የሚያልፈው የብረት መርከብ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲያዛባው ነው፤ ስለዚህም ጠራጊዎቹ መርከቦች አጽማቸው ከአሉሚኒየም፣ ልባሳቸው ከእንጨት ይሠራ ነበር። መርከቢቱ ከኋላዋ አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም የሆኑ ሁለት ተንሳፋፊ የኤሌክትሪክ ገመዶች ትጎትታለች፤ ከጄኔሬተሯ የሚነሣው ኤሌክትሪክ በአንዱ ወጥቶ፣ ጨዋማውን ውኃ አቋርጦ፣ በሌላው ሲመለስ ፈንጂው ትልቅ መርከብ የመጣ መስሎት እርሷ ከራቀች በኋላ ይፈነዳል። (ጣና ላይ ቢሞከር፣ ውኃው ጨዋማ ስላልሆነ ዘዴው እምብዛም ባልሠራ ነበር።) ከታች ታስሮ ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፈው ፈንጂ ደግሞ ማሰሪያው በመቁረጫ ይበጠስና፣ ወደ ላይ ብቅ ሲል በጥይት ይመታል።

የአገልግሎት ዘመናቸውንም የሚወስነው ይኸው እንጨት ነው። በሞቃት ባሕር እንጨት የሚበሳ ትል አለ፤ በስንጥቅ የሚገባ የዝናብ ውኃም ያበሰብሳል። በዚህ ምክንያት እንግሊዞች የእነርሱን ተመሳሳይ መርከቦች ከውኃ በታች በመዳብ፣ በኋላም በናይለን ያለብሷቸው ነበር። ተገቢው ጥገና ከተደረገለት ግን እንጨት ይቆያል፦ እ.ኤ.አ. በ1984 በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ መርከቦች በፈንጂ ሲጎዱ ለአሰሳ ከተላኩት መካከል 30 ዓመት ገደማ ያገለገሉ የእንግሊዝ የእንጨት መርከቦች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቦታቸውን ፋይበርግላስ እየወሰደው ሄደ። እኛም የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋን፣ በ1983 ደግሞ ባሕር ኃይሉን አጣን።

ጎንደርን ከባሕር ጋር ምን አገናኛት የሚሉን አሉ። መርከበኞቹ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመለመሉ ነበሩና ከበጌምድርም ልጆች ሄደዋል፤ ከእነርሱ መካከል በሕይወት ያሉት አሁን አዛውንት ናቸው።

ሞዴሉ የመርከቢቱ አንድ ሃያኛ ሆኖ 2 ሜትር ከ30 ያህል ይረዝማል። ልባሱ ከዋንዛ ይሠራል፤ አንዱ ጎኑ ክፍት ሆኖ፣ በሰያፍ እየተጠላለፉ የሚነባበሩት ሳንቃዎች ከእነ አጽማቸው እንዲታዩ ይደረጋል። አናጢዎቹ ከሁሉ ያስቸገራቸው የፊተኛው አፍንጫ ነው፤ ሳንቃው በእንፋሎት ካልለሰለሰ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል። ከሞዴሉ ጎን ለጎን የአንጋፋ መርከበኞችን ምስክርነት በድምፅ እንቀርጻለን።

ለእንጨቱ፣ ለእጅ ዋጋና ለቀረጻው 180 ሺህ ብር ያስፈልገናል። ገንዘብ ለመስጠት የማይመቸው የደረቀ የዋንዛ ሳንቃ ቢያመጣ በደስታ እንቀበላለን። የቀድሞ ፎቶግራፍ፣ የደንብ ልብስ ወይም የአገልግሎት መታወቂያ ያላችሁ ደግሞ ቅጂውን ወስደን ዋናውን ወዲያውኑ እንመልሳለን። ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ይሰጣል፤ የወጪው ዝርዝርም በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየወሩ ይለጠፋል። የሚተርፍ ገንዘብ ቢኖር ለአዳራሹ የመጻሕፍት መደርደሪያ መግዣ ይውላል።