ጭሱ ከሳንባ አልፎ የት ይሄዳል?

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

«እርጉዝ ሴት የምትስበው ጭስ የሚገባው ሳንባ ውስጥ፣ ልጁ ያለው ማሕፀን ውስጥ፤ ምን አገናኛቸው?» ላልሽኝ መልሱ ለስልክ ስለሚረዝም ጻፍኩልሽ። የሚያገናኛቸው ደም ነው።

ጎላ ያለውን ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮ ይዘው በንፍጥና በአክታ ያስወጡታል። ከ2.5 ማይክሮሜትር የሚያንሰው ግን ከፀጉር ዘለላ ከሃያ እጥፍ በላይ ስለሚቀጥን ኦክስጅን ወደ ደም እስከሚያልፍባቸው የአየር ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል። ከሁሉም የደቀቀው፣ ከ0.1 ማይክሮሜትር በታች ያለው፣ ስሱን ሽፋን አልፎ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል። እርጉዝ ሴት ደግሞ በደቂቃ የምትስበው አየር ከወትሮው በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የምትስበው ብናኝም አብሮ ይጨምራል።

እንግዴ ልጁ ሁሉን ያግዳል የሚባለው ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቤልጂየም ተመራማሪዎች የጥላሸት ቅንጣት በእንግዴ ልጁ የፅንስ ወገን አገኙ፤ በ2022 ደግሞ በፅንስ ጉበት፣ ሳንባና አንጎል ውስጥ መኖሩ ታየ። ቅንጣቱ ራሱ ባይሻገርም በእናቲቱ ሰውነት የሚቀሰቅሰው ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደውን ደም ሊቀንስ ይችላል፤ ልጁ ያለ ቀኑ ወይም ክብደቱ አንሶ የመወለድ ዕድሉ የሚጨምረው አንድም በዚህ ነው።

እኔን ከጥላሸቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤት ይገባል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ግን ከፍሙም ይወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ከፅንሱ ደም የሚወጣውም ከእናቲቱ ዘግይቶ ነው። እሷ ውጭ ወጥታ ራስ ምታቱ ቢለቃት ልጁ ገና አልተላቀቀም ማለት ነው።

ስለዚህ ፍሙም ውጭ ይቅር፤ መስኮት መክፈት ይረዳል እንጂ አይበቃም። ኤን-95 ጭንብል ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ብናኙን ያስቀራል፤ ጋዙን ግን አያስቀርም። ጨርቅ ማሰር ለደቃቁ ብናኝም ብዙ አይረዳም።

ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ሲመጣ «የእርግዝና ነው» ማለት ይቀናል። እዚያው ክፍል የነበረ ሌላ ሰውም ከተሰማው፣ ወዲያው ወጥታ ቢሻላትም ሆስፒታል ትሂድ፤ ከሰል እንደነበረም ትንገራቸው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ኦክስጅንን ከካርቦን ሞኖክሳይድ ስለማይለይ ደህና ነሽ ሊላት ይችላል፤ የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

ልጅሽ