ስለ ዋንዛው አንቺ ልክ ነበርሽ

ባሕር ዳር፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ስድስት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብሽ። እናትሽ ሲያርፉ እንኳን ለቅሶ አልደረስኩም። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፣ ከዚያ በኋላ አፈርኩ። ነፍስ ይማር። ይቅር በይኝ።

ያለብኝ ዕዳ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ተማሪ ሳለን ጣና ዳር ሾላው ሥር ቁጭ ብለን፣ የእኛ አገር ዛፍ በየዓመቱ ግንዱ ውስጥ አንድ ቀለበት ይሠራል ወይ ብለን የተከራከርነው ትዝ ይልሻል? እኔ "የዛፍ ቀለበት በረዶ ላለበት አገር ነው። እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው፤ ዛፉ ምኑን ይቆጥራል?" አልኩ። አንቺ ደግሞ "ጥቅምት ካለፈ ጠብ በማይልበት አገር ዛፉ በጋውን ምን እየጠጣ ያድጋል?" ብለሽ አፌን አስያዝሽኝ። ዝም አልኩ እንጂ አላመንኩም ነበር።

ሐምሌ ላይ የጎረቤቴን ዋንዛ ነፋስ ገነደሰው። እትዬ የተከሉት በ1990 ክረምት፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ክርስትና ሰሞን ነው። የተተከለበት ዓመት የሚታወቅ ዛፍ የት ይገኛል? ከግርጌው አንድ ቁራጭ አስቆርጬ ወሰድኩ። ሁለት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ሳብሰው ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

መርፌ ይዤ ከመሃል ወደ ቅርፊቱ ቆጠርኩ። 29 ሆነ። በእትዬ ሒሳብ ግን እስከ 2016 ድረስ 27 ክረምት ነው። ከፋኝ። ማታ በባትሪና በአጉሊ መነጽር እንደገና አየሁት። ሁለቱ መስመሮች ዙሪያውን አይሞሉም፤ ጥቂት ሄደው ይደበዝዙና ይጠፋሉ። ሐሰተኛ ቀለበት ናቸው! በጋው መሃል ያልታሰበ ዝናብ ሲጥል ዛፉ ይነቃል፣ አፈሩ ሲደርቅ መልሶ ያንቀላፋል፤ ምልክቱ እንጨቱ ላይ ይቀራል። እነሱን ስቀንስ 27 ሙሉ ቀለበት፣ ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ ዛፉ በወደቀበት ክረምት ተጀምሮ የተቋረጠው ስስ ንጣፍ። እልል ስል እትዬ በአጥር ብቅ አሉ።

አንድ ዛፍ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ዳግላስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከመቶ ዓመት በፊት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የብዙ ዛፎችን ወፍራምና ቀጭን ቀለበት ጎን ለጎን አስተያይቶ ዓመቱን ማመሳከር። የጠፋም የተጨመረም ቀለበት የሚያዘው ያኔ ነው።

ቅር ያለኝ ሌላ ነው። የዋንዛው ቀለበቶች ስፋታቸው ከሞላ ጎደል እኩል ነው። የእትዬ ግቢ ሐይቁ አፍንጫ ሥር ነው። ዛፉ በየበጋው ቅጠሉን ያረግፋል፣ ክፉ ዘመን ግን አይነካውም። ጠግቦ ያደገ ዛፍ ስለ ድርቅ ብዙም አይነግርሽም። የሚነግርሽ ተዳፋት ላይ፣ ስስ አፈር ላይ የቆመው ነው። አንቺም ያለሽበት ተራራ ላይ ቅጠሉን የሚያረግፈው ደን እታች ድርቁን፣ እላይ ብርዱን ይመዘግባል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ኦክ የሚባለው ዛፍ ቀለበት በእንጨቱ ትላልቅ ቀዳዳዎች በዓይን እንደሚለይ፣ ቢች የሚባለው ግን ቀዳዳው ደቃቅ ስለሆነ ዓይን እንደሚያደክምም ነግረሽኛል። ደብዳቤሽን አሁንም አልፎ አልፎ አነበዋለሁ።

እኔ ሐሳቤ ጉና ተራራ ነው። የሰባ ሰባቱን ረሃብ ያመጣው የ1976 ክረምት እዚያ ዛፎቹ ላይ ምን ያህል ቀጥኖ እንደቀረ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። አባቴ ስለዚያ ክረምት ሲያወራ ድምፁ እንዴት ዝቅ ይል እንደነበር ታውቂያለሽ።

ጥቅምት ላይ ነይ፤ መንገዱም ይደርቃል። ያንን ውስጡ ክፍት የሆነ የእጅ መሰርሰሪያሽን ያዢ። እርሳስ የሚያህል እንጨት መዝዞ ያወጣል እንጂ ዛፉ አይቆረጥም፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ላሉት ዛፎችም አባቶችን ቀድሜ አስፈቅዳለሁ። ቁራጩን በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀምጬልሻለሁ። መጥተሽ ራስሽ ቁጠሪው። እትዬም ቡናውን እኔ ነኝ የማፈላላት ብለዋል።

ስልኬ ያው የድሮው ነው።

እህትሽ