የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ጎረቤት ጦሩን ለምን ያዘምታል?

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የተወያየው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ የአፍሪካ መንግሥታት በጎረቤታቸው የእርስ በርስ ጦርነት ለምን ጣልቃ ይገባሉ? ለማሳያ የመረጥነው ቀድሞ ዛየር ትባል የነበረችውን ዴሞክራቲክ ኮንጎን ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ አብዛኞቹ አባላት «ለማዕድን ነዋ!» ብለው ስለመለሱ ጉዳዩ ያለቀ መስሎ ነበር።

ሆኖም ከእ.ኤ.አ. 1994ቱ የሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች ወደ ምሥራቅ ዛየር ሲጎርፉ ጭፍጨፋውን የፈጸሙት ወታደሮችና የኢንተርሃምዌ ሚሊሻዎች አብረው ተሻግረው በጎማና በቡካቩ ዙሪያ ባሉት መጠለያዎች እንደ ገና መደራጀታቸውን ስናነብ፣ ሩዋንዳ በ1996 በዛየር ላይ ያካሄደችውን ዘመቻ በማዕድን ብቻ ማስረዳት አዳጋች ሆነ። የአንጎላ ጉዳይ ደግሞ የበለጠ አስተማሪ ነበር። የአንጎላን መንግሥት የሚወጋው የሳቪምቢ አማፂ ቡድን ዩኒታ በዛየሩ ፕሬዚዳንት በሞቡቱ ግዛት ለዓመታት መሸሸጊያ ስለነበረው ሉዋንዳ በ1997 ሞቡቱን ለመጣል ጦር ላከች፤ በዓመቱ ሩዋንዳና ኡጋንዳ በራሳቸው እጅ ሥልጣን ላይ ያወጡትን ሎራን ካቢላን ለመጣል ሲነሡ ግን ያንኑ ጦር ካቢላን ለማዳን አዘመተችው። ወዳጁ ቢለዋወጥም ስጋቱ አንድ ነበር።

አባላቱ በማኒላ ወረቀት የሠሩት ካርታ ኮንጎንና ዘጠኙን ጎረቤቶቿን ብቻ የያዘ ስለነበር፣ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ከኮንጎ ጋር ሳትዋሰን ለካቢላ ጦር የላከችው ዚምባብዌስ?» ብላ ስትጠይቅ ከግርጌው ሌላ ወረቀት መለጠፍ ግድ ሆነ። የዚያን ጊዜውን የዚምባብዌ ፕሬዚዳንት የሙጋቤን የቀጣናዊ መሪነት ምኞትና ካቢላ የሰጣቸውን የማዕድን ውሎች አንሥተን ብዙ ተከራክረናል።

እጅግ ያከራከረን ግን ኪሳንጋኒ ነው። ካቢላን ለመጣል አብረው የዘመቱት ሩዋንዳና ኡጋንዳ በሰኔ 2000 ከሁለቱም ድንበር በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች በምትርቀው በዚህች ከተማ ለስድስት ቀናት እርስ በርስ ተዋጉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎችም አለቁ። ይህን የድንበር ስጋት አያስረዳውም። በእኔ ግምት ስጋት ያስገባውን ጦር እዚያ ያቆየው አልማዙና ወርቁ ነው፤ በዚህ የማይስማሙ አባላት ግን ዛሬም አሉ። የዓለም ፍርድ ቤት በ2005 ኡጋንዳን በኮንጎ ላይ ባካሄደችው ዘመቻ ጥፋተኛ ማለቱን፣ በ2022 ደግሞ ለኮንጎ 325 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል መወሰኑን በመጨረሻው ስብሰባ ተመልክተናል።

ለመጪው ዓመት አባላቱ የመረጡት የራሳችንን ደጅ ነው፤ በ1980ዎቹ ካርቱም የኤርትራን ታጣቂዎች፣ አዲስ አበባ ደግሞ የደቡብ ሱዳኖቹን ያስጠጉበትን ዘመን።